የሻይ ቤቱ በረሮና የእኔ ፍሪጅ

መካነ ሰላም በረሮ የለም ብዬ ነው የመጣሁት። ከደሴ ስዛወር ካጽናኑኝ ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል ብለውኛል፣ ውሃው በፈረቃ ነው ብለውኛል፣ መንገዱ ወገብ ይቆርጣል ብለውኛል። እሺ፣ ግን በረሮ አይኖርም አልኩ ለራሴ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለው ተባይ ሙቀት ፈላጊ መሆኑን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። ሰው ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦ በሚውልበት ደጋ በረሮ ምን ሊሠራ ይመጣል? ፍሪጅ የሚባለው ዕቃ ከጀርባው ቀንም ሌሊትም እንደሚሞቅ ግን አላሰብኩም።

ፍሪጁን የገዛሁት ደሴ ውስጥ ሥራ አቁሞ ዕቃውን ከሚሸጥ ምግብ ቤት ነው። ወንድሜ "እዚያ ብርድ ውስጥ ፍሪጅ ምን ያደርግልሻል? መስኮት ላይ አስቀምጪው" ብሎ ስቆብኛል። እኔ ግን የሳምንት ወጥ በአንድ ቀን ሠርቼ መገላገል የምወድ ሰው ነኝ፣ ደግሞም ሲስቁብኝ እልህ ይይዘኛል። ከፍሪጁ ጋር ከምግብ ቤቱ መጋዘን ባዶ ካርቶኖች መረቁልኝ። መጻሕፍቴን፣ ሳህኖቼን፣ ብርጭቆዎቼን በነሱ ጠቅጥቄ፣ በላያቸው "ሳህን"፣ "ብርጭቆ፣ ቀስ በሉ" እያልኩ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌ በአይሱዙ አስጭኜ መጣሁ።

የተከራየሁት መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሼህ ግቢ ውስጥ ነው። በአንድ ቆርቆሮ ሥር የተደረደሩ ሦስት ክፍሎች ናቸው። መንገድ ላይ የሚከፈተው ሻይ ቤት ነው፣ መሀለኛው የእኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ሼሁ ደረሳዎቻቸውን ቁርአን የሚያስቀሩበት ክፍል። ግድግዳዎቹ የጭቃ ናቸው፤ ቆርቆሮው ድረስ አይደርሱም። ከላይ ያለው ኮርኒስ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ፣ ለሦስቱም ክፍል አንድ ነው። ማታ ሳስነጥስ ከዚያኛው ቤት "ይማርሽ" ይሉኝ ነበር።

ይማርሽ የምትለኝ የሻይ ቤቷ ባለቤት ነበረች። ከወግዲ ገጠር ባሏ ሞቶባት የመጣች፣ ሻይ አፍልታና ፓስቲ ጠብሳ ልጇን ደሴ ኮሌጅ የምታስተምር፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። የገባሁ ዕለት ዕቃዬን ፈትቼ ሳልጨርስ ሻይና ሁለት ፓስቲ ይዛልኝ መጣች። ባዶዎቹን ካርቶኖች አየቻቸውና "ልትጥያቸው ነው እንዴ?" አለችኝ። "ውሰጃቸው፣ ገላገልሽኝ" አልኳት። እየዘረጋች፣ ምስማሩ እንዳይበሳቸው ከሥሩ የጠርሙስ ቆርኪ እያደረገች፣ የሻይ ቤቷን ግድግዳ ዙሪያውን አለበሰችው። እዚህ አገር ነፋሱ በጭቃው ስንጥቅ ስለሚገባ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። ሳምንቱን ሙሉ ስትመርቀኝ ሰነበተች። ቤቷ ሞቀ፤ የወግዲ ሹፌሮችና ተሳፋሪዎች ጠዋት ጠዋት አግዳሚዎቿን ይሞሉት ጀመር።

የመጀመሪያዋን በረሮ ያየኋት ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የራሴ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ትንሽ ናት፣ ቡናማ፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር አለባት። ዓይነቷን አወቅኋት። ሁሉም ነገር ወዲያው ገባኝ። ፍሪጁን ከግድግዳው ጎትቼ ጀርባውን በባትሪ አየሁ። ያየሁትን አልጽፈውም። ብዙ ነበሩ፣ ትልልቁም ትንንሹም፣ ሞተሩ ሥር ተቃቅፈው ይሞቃሉ።

ከመቀፈፍ ይልቅ የተሰማኝ እፍረት ነበር። እኔ ሰኞ ሰኞ የተማሪ ጥፍር የምመረምር ሰው ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ "የቲቸርን ወለል ልሶ መብላት ይቻላል" እያሉ ይቀልዱብኛል፣ እኔም ውስጤ ደስ ይለዋል። ቁንጫ ቢሆን አያሳፍረኝም፤ ቁንጫ እዚህ የሁሉም ነው፣ ሰው ፊት ይታከኩታል። በረሮ ግን ያው የቆሻሻ ሰው ምልክት ተደርጎ ነው የሚወሰደው። ሱቅ ሄጄ ፍሊት ስገዛ ባለሱቁ ሳይጠይቀኝ "ቁንጫ አስቸግሮኝ" አልኩት። ቤቴን ዘግቼ፣ በሩን በጨርቅ ወትፌ፣ እስኪያስለኝ ነፋሁ። በማግሥቱ አሥር የሚሆኑ ጠረግሁ። ሌሎቹ የሉም። ደስ አለኝ። የት ሄዱ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ግድግዳው ከላይ ክፍት መሆኑን እያወቅሁ፣ ፍሊት በረሮን ከመግደል ይልቅ ማባረር እንደሚቀናው እያወቅሁ። ለሦስት ሳምንት በየቅዳሜው ነፋሁ።

ከዚያ የሆነው ሆነ። አንድ ጠዋት የወግዲ መስመር ሹፌር፣ የጎረቤቴ የዘወትር ደንበኛ፣ ስኳር ሊጨምር ጣሳውን ሲከፍት ሁለት በረሮ ወጡበት። አልተቆጣም አሉ። ክዳኑን መልሶ፣ ሻዩን ሳይነካው ትቶ ወጣ። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ምሳ ሳይደርስ መናኸሪያው ሁሉ ሰማ። በማግሥቱ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ወሬውን ያልሰማ መንገደኛ ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን በሼሁ በኩል ደግሞ አንዷ በረሮ በአንድ ደረሳ ሉሕ ላይ፣ ቁርአን በተጻፈበት እንጨት ላይ፣ ሄደችበት። ሼሁ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቅ፣ ውሻ እንኳ "ሂድ የኔ ልጅ" ብለው የሚያባርሩ ሰው ናቸው። ጎረቤቴን ግቢው መሀል አስጠርተው ሲያነጋግሯት እኔ ከቧንቧው ሥር ልብስ አጥብ ነበር።

"ልጄ" አሏት፣ "ይህን ያህል ዘመን አብረን ኖርን፣ ክፉ ቃል ወጥቶሽ አያውቅም። ግን ይኸ የቁርአን ቤት ነው፣ ጠሃራ፣ ንጽሕና ይፈልጋል። ወሩ ሲሞላ ሌላ ቤት ፈልጊ። ይቅር በይኝ፣ አውፍ በይኝ።"

"ሼሁ፣ ቤቴን እኮ በየቀኑ ነው የማጥበው" አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

"አውቃለሁ። ወላሂ አያለሁ። ግን ከየት መጣ ታዲያ?"

ለዚያ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ግቢው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። አምስት እርምጃ ርቄ ነበር። እጄ አረፋ ውስጥ ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው፣ ከዚያ አጎነበስኩና ካልሲዬን ማሸት ቀጠልኩ።

ወሩ ሊሞላ ሃያ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጤና አጣሁ ማለት ይቀለኛል። ትምህርት ስሰጥ መሀል ላይ የምናገረው ይጠፋኛል።  ለራሴ ያልፈጠርኩት ምክንያት አልነበረም፤ ምናልባት በስኳር ጆንያ መጥቶ ይሆናል፣ ምናልባት አንዱ መንገደኛ በሻንጣው ይዞት ገብቶ ይሆናል እላለሁ። ካርቶኖቹም ትዝ ይሉኛል። ወዲያው ደግሞ ጎረቤቴ በመስኮቴ በኩል "ደህና አደርሽ እህቴ" ብላ ስታልፍ ምክንያቴ ሁሉ ይፈርሳል። ቤት መልቀቅ ለእሷ ቤት መልቀቅ ብቻ አይደለም። ከመናኸሪያው ከራቀች ሻይ የሚጠጣላት የለም፤ ሻይ ካልሸጠች ደሴ ያለችው ልጅ ትመለሳለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም ዝም አልኩ፤ ይልቅ ቀኑ ሳይደርስ በረሮዎቹን ጨርሼ ነገሩን ላድበሰብሰው ወሰንኩ። ሳልናዘዝ ንስሐ መግባት አማረኝ ማለት ነው።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። "በረሮ ይዘሽ ሄድሽ እንዴ?" ብሎ ሲስቅ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ግን ወንድሜ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ከአንድ የተባይ መድኃኒት ሻጭ ያገኘውን በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላከልኝ። የመርፌ ስሪንጅ የመሰለ ዕቃ ውስጥ ያለ ቡናማ ቅባት ነው፣ ማር ይመስላል። ሻጩ የነገረውን ወንድሜ በስልክ ደገመልኝ፦ ምስር የምታክል ጠብታ፣ ብዙ ቦታ፣ ሰውና ምግብ በማይነካው ስንጥቅና ማጠፊያ ውስጥ። በረሮዋ ትበላዋለች፣ ጣፋጭ ነው። እዚያው አትሞትም፤ ጉድጓዷ ገብታ ትሞታለች። የሷን ኩስና ሬሳ የበሉት ደግሞ በተራቸው ይሞታሉ። "ግን ሁለት ነገር አትርሺ" አለኝ፣ "ፍሊት የነካው ቦታ ላይ አይበሉትም። ያደረግሽበትን ቦታ ደግሞ አትጠቢ። በረኪና ከነካው አለቀ።"

ፍሊት የነፋሁበትን ሁሉ በሳሙና አጥቤ አደረቅሁና፣ ጠብታዬን ፍሪጁ ጀርባ፣ በሩ ማጠፊያ፣ የመደርደሪያው ሥር አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ሲሞቱ አየሁ። በጠራራ ፀሐይ እየተንገዳገዱ ወጥተው ወለሉ ላይ ይገለበጣሉ። በስድስተኛው ቀን ፍሪጄ ጀርባ አንድም አልነበረም። በስምንተኛው ቀን ደግሞ አዲሶች መጡ፣ ከላይ፣ በሻይ ቤቱ በኩል ካለው የግድግዳ ጫፍ። ሞቃቱ ቤት የእሷ ነው፤ ከሰሉ እዚያ ነው፣ ስኳሩ እዚያ ነው፣ ዘይቱ እዚያ ነው። እዚያ ካልገባሁ የምሠራው ሁሉ ከንቱ እንደሆነ ገባኝ።

ገባሁ። "መድኃኒት ከደሴ አስመጥቻለሁ፣ ላግዝሽ ብዬ ነው" አልኳት። የያዘችውን ጀበና የሚያህል የሻይ ማንቆርቆሪያ አስቀምጣ መጥታ ትከሻዬን ሳመችው። "እግዜር ይስጥሽ። ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ አንቺ መጣሽልኝ" አለችኝ።  መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር፤ አፌንም ከፍቼ ነበር። "ፍሊት እንዳትነፊበት፣ ደግሞ እንዳታጥቢው" ብቻ ብዬ ዘጋሁት። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከከሰል ማንደጃው መቆሚያ ኋላ፣ ከበሩ ማጠፊያ፣ በካርቶኖቹ ጠርዝ ለጠርዝ ጠብታ በጠብታ አደረግሁላት። "እሺ እህቴ፣ አብሽሪ፣ እንዳልሽኝ አደርጋለሁ" አለች።

በሦስተኛው ቀን ስሄድ የሞተ የለም። በሩ ላይ ሳለሁ በረኪናው አፍንጫዬን መታው። ጠብታዎቼ የሉም። ረስታ ነው ብዬ እንደገና አደረግሁ፣ እንደገና አስረዳሁ። "ውይ፣ አውፍ በይኝ" አለች። በሁለተኛው ቀን ደግሞ የለም። እንደገና። ወሩ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀር፣ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ስገባ፣ ጎረቤቴ ተንበርክካ የጠረጴዛውን ሥር በቢላዋ ስትፍቅ ደረስኩባት።

ተቆጣሁ። ንዴቴ ከምን እንደመጣ አሁን አውቀዋለሁ፣ ያኔ ግን ወጣብኝ። "ምን ሆነሻል? ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ተዪው አላልኩሽም?" ብዬ እንደ ተማሪ ጮኽኩባት።

ቢላዋዋን ይዛ ቀና አለች። "ሼሁ ድንገት ቢገቡስ? ጠረጴዛዬ ሥር ይህን ቡናማ ነገር ተለጥፎ ቢያዩ ምን ይላሉ? አንድ ሰው ተሳስቶ ለሻይ ቢገባና ቢያየውስ? ቆሻሻ ናት ብለው አይደል የሚያስወጡኝ? እንዴት ብዬ ሳላጥብ ልደር?" አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ "ቆሻሻ አይደለሁም እኮ" አለች። እጇ ከበረኪናው ተልጧል።

ያን ጊዜ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ መጣብኝ። መድኃኒቱ የሚሠራው እሷ ማጠብ ስታቆም ነው። ማጠብ የምታቆመው ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን ስታውቅ ነው። ያን ሊነግራት የሚችል ደግሞ ሌላ ሰው የለም። እኔ ሳድበሰብሰው የነበረውን ነገር ካልተናገርኩ፣ ከደሴ የፈለግሁትን ያህል ስሪንጅ ባስመጣ አትጠቀምበትም።  ፊቷን ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እዚያ የአንዱ ካርቶን ጥግ ቆርኪው ወልቆ ተላቅቆ ነበር፤ ጠብታ የማደርግ መስዬ ሳብ አደረግሁት። ከኋላው ግድግዳው ይንቀሳቀሳል። በካርቶኑ ቱቦ ቱቦ ውስጥ የተፈለፈለ እንቁላላቸው ቅርፊት ሞልቷል። በካርቶኑ ጀርባ በኩል፣ ቁልቁል ተዘቅዝቆ፣ በራሴ እጅ "ሳህን" ተብሎ ተጽፏል።

እሷ አላየችውም። መልሼ ብጫነው፣ ቆርኪውን በጫማዬ ተረከዝ ብመታው፣ እስከ ዛሬም አታይም ነበር። ይህን ማሰቤን መደበቅ አልችልም፤ እጄ ካርቶኑን ገፋ አድርጎም ነበር።

"ከእኔ ነው የመጣው" አልኳት። "በፍሪጁ ነው ያመጣሁት፣ ከደሴ። በነዚህ ካርቶኖችም። እኔ ነኝ የሰጠሁሽ።"

 መጥታ ካርቶኑን ከእጄ ተቀበለችኝና ጽሕፈቱን አየችው። በረሮዎቹ በክንዷ ላይ ሲሮጡ አላራገፈቻቸውም። "መቼ አወቅሽ?" አለችኝ።

"ከአንድ ወር በላይ ሆነኝ። ፍሊት መንፋት የጀመርኩ ዕለት።"

"ሼሁ ሲያናግሩኝ ልብስ ታጥቢ ነበር።"

"አዎ።"

"ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልሰደበችኝም። እጇን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ ተነሣችና "ነይ" አለችኝ። ተከተልኳት።

ሼሁ የዐስር ሶላት ሰግደው፣ ደረሳዎቹን አሰናብተው፣ ሉሖቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ያስደግፉ ነበር። ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ "ተናገሪ" አለችኝ። ተናገርኩ። ፍሪጁን፣ ካርቶኑን፣ ፍሊቱን፣ ቧንቧው ሥር ዝም ማለቴን። ስጨርስ ሼሁ የያዙትን ሉሕ አስቀመጡ። መጀመሪያ ያናገሩት እሷን ነው።

"ልጄ፣ ሳላጣራ ፈረድኩብሽ። በደልኩሽ። አውፍ በይኝ።"

"ኧረ አንቱ ምን አደረጉ" አለች፣ ግን አንገቷን ደፍታ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "በረሮ የአላህ ፍጥረት ነው፣ መንገድ ካገኘ ይሄዳል፤ እሱን አልይዝብሽም። ልብስ እያጠብሽ ዝም ያልሽው ግን ከበደኝ" አሉኝ።  

ካርቶኖቹን በዚያው ቀን ገንጥለን ግቢው መሀል አቃጠልናቸው። ሉሖቹና ኪታቦቹ ወደ ሼሁ መኝታ ቤት ገቡ። በማግሥቱ ሦስቱንም ክፍል በአንድ ጠዋት አዳረስኩ፤ የኮርኒሱ ጫፍ፣ የመስኮቱ መቃን፣ የማንደጃው ሥር፣ ፍሪጄ። ጎረቤቴ ከዚያ ወዲያ አላጠበችም። ከባዱ ነገር እሱ ነበር። ጨርቁን ታነሣለች፣ ጠረጴዛው ጋ ትደርሳለች፣ ታስበዋለች፣ ትመልሰዋለች። አንዳንዴ እጇን ጭኗ ላይ ጭና ዝም ብላ ጠብታዎቹን ስታይ አያት ነበር። ከእኔ ጋር ከ"ደህና አደርሽ" ያለፈ አትነጋገርም።

ሠራ። መጀመሪያ በአካፋ የሚዛቅ ያህል ሞቱ፣ ቀጥሎ በመጥረጊያ፣ ቀጥሎ በወረቀት የሚታፈስ። ወሩ ሞላ፣ ስለ መልቀቅ ያነሣ ሰው የለም። ጠብታዎቹ አልቀው አዲስ አደረግሁ፤ እነሱን የነካቸው አልነበረም። ያሳሰበኝ ነገር ሁሉ ያለቀ መሰለኝ። እንቅልፌ ተመለሰ።

አንድ ጠዋት ጠብታዎቹን ለማየት ሻይ ቤቱ ገባሁ። "ጠፉ እኮ" አልኳት፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ፣ "አንድም የለም።"

"ሰውም የለም" አለችኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። የመኪና ሰዓት ነው፤ ውጪ ረዳቶቹ "ወግዲ፣ ወግዲ" እያሉ ይጣራሉ። አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ሳህኑ ላይ አምስት ፓስቲ ቀዝቅዘው ተቀምጠዋል። ከመንገዱ ማዶ አዲስ የሻይ ድንኳን ተተክሎ ሰው ቆሞ ይጠጣል። እኔ ሼሁ ይቅር አሉ፣ በረሮው አለቀ ብዬ ነገሩን ስዘጋ፣ እሷ ቤቷን ይዛ ሥራዋን አጥታ ነበር።

"መድኃኒቱ እንደሠራ ለሹፌሮቹ እነግራቸዋለሁ" አልኳት።

"እሱን አይደለም።" ፓስቲዎቹን በጨርቅ ሸፈነቻቸው። "ለሼሁ የነገርሽውን ለነሱም ንገሪልኝ። እንደዚያው አድርገሽ።"

"ለሁሉም?"

"ስሜ የጠፋው ሁሉም ጋ ነው።"

አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን "አስብበታለሁ" የሚለው? ግን ፈራሁ፣ በሐቅ ፈራሁ። በዚያ መናኸሪያ የተማሪዎቼ ወላጆች ያልፋሉ፣ ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ የሚያነብበት ቦታ ነው፣ ሰኞ ጥፍራቸውን የማየው ልጆች አጎቶች ረዳት ናቸው። "ባለ በረሮዋ ቲቸር" የሚለው ስም ሲወጣልኝ ገና ሳይወጣ ይሰማኝ ነበር። ለወንድሜ ደውዬ ወደ ደሴ የሚመልስ የዝውውር ቀዳዳ እንዳለ እስከ መጠየቅ ደረስኩ። አራት ቀን እንደዚያ ሆንኩ። አራቱንም ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በሻይ ቤቱ በር ሳልፍ ወደ ውስጥ አላይም ነበር።

በአምስተኛው ቀን፣ የገበያ ቀን ነው፣ መናኸሪያው አፉ ድረስ ሞልቷል፣ ገብቼ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። "ሻይ" አልኳት። አየችኝ። ቀዳችልኝ። ከዚያ ወደ በሩ ወጥታ ያን የስኳር ጣሳውን የከፈተውን ሹፌር በስሙ ተጣራች። "ና ግባ፣ ቲቸር የምትነግርህ አላት" አለችው። እሱ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ጥላ ውስጥ መግባት አልፈለገም። ወሬ የሸተታቸው ሦስት አራት ሰዎች፣ ሁለት ሴት ገበያተኞችም፣ ከኋላው መጡና ወደ ውስጥ ተገፋፉ። ጥጉ ድረስ ሞሉት።

ብርጭቆዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። "እዚህ ያየኸው በረሮ ከእኔ ቤት ነው የመጣው" አልኩ። "ከደሴ በፍሪጅ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ንጹሕ ናት፣ ድሮም ንጹሕ ነበረች። አውቄ ዝም ብያለሁ።" ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም፤ ክፍል ውስጥ መልስ ጠፍቶባት የቆመች ተማሪ ነው የመሰለኝ። አንዱ ከኋላ ሳቅ አለ። ሹፌሩ እኔን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ የስኳር ጣሳውን አየ፣ ከዚያ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። የቀዳችለትን ብርጭቆ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጎ ውስጡን መረመረና ፉት አለ።

ጎረቤቴ ጀርባዋን ሰጥታን ፓስቲውን ከዘይቱ እያወጣች ነበር። ዞር አላለችም።

"ድገሚላቸው" አለችኝ። "ጥግ ያሉት አልሰሙም።"

ደገምኩት።